ወንዶቹ የሚሠሩበት ቤት

ይህ መጽሔት የሴቶች ማኅበር መጽሔት ነው፤ ገጹም ጥቂት ነው። ታዲያ በዚህ እትም ከገጾቹ ብዙውን ለወንዶች ጉዳይ ለምን እንደሰጠን አስቀድመን መናገር ይገባናል።

በየሳምንቱ ስንሰበሰብ ቁጠባው ተቆጥሮ፣ የተበደረችው መልሳ፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ቡና ይፈላል። ቡናው ሲፈላ ደግሞ ወሬው ወደ ቤት ይዞራል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚውል ባል አለ። መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ እጁን አጣጥፎ የቀረ አባት አለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ በእህቱ ቤት ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ የሚውል ወንድም አለ። ከቤት የማይወጣው ያኮርፋል፤ የሚወጣውም ጠላ ቤት ውሎ ይገባል። ሴቶቹ በአሥርና በሃያ ብር ተነሥተን ሳምንት በሳምንት የምንገናኝበት ሰው፣ የምንናገርበት ቦታ፣ ስማችን የሚጠራበት መዝገብ አገኘን። ለእነሱስ ምን አለ? ጥያቄው ከአንዲት አባል አልመጣም፤ ከሁላችንም ነው የመጣው። ስለዚህ ታሪኩን ከሩቅም ከቅርብም አሰባስበን አቀረብን።

ከሩቁ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1993 (በእኛ 1985 ዓ.ም.) በደቡብ አውስትራሊያ፣ መሪ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ ላይ ባለችው ጉልዋ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማክሲን ኪቶ የተባለች ሴት በአንድ የአዛውንት ማዕከል ትሠራ ነበር። በኋላ በስሟ ማክሲን ቼዝሊንግ ተብላ ትታወቃለች። በማዕከሉ ለሴቶቹ የሚሆን ነገር ሞልቶ ለወንዶቹ ግን የሚስማማ እንዳልነበረ አየች፤ መሣሪያ ያለበት የሥራ ቤትም እንዲከፈት አደረገች። የዚህ ዓይነት ቤት ታሪክ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ስሙ በእንግሊዝኛ «ሜንስ ሼድ» ይባላል። ሼድ የሚለውን ቃል እዚህ ለማስረዳት መድከም አያስፈልግም። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ከከተማ አስተዳደሩ የቆርቆሮ ሼድ የጠየቀ፣ ወይም የጠየቀ ዘመድ የሌለው ሰው በአገራችን ብዙ አይገኝም። የእነሱ ሼድ ግን ንግድ አይደለም። በአውስትራሊያ ብዙ ወንድ ከቤቱ ጀርባ መጋዝና መዶሻውን የሚያስቀምጥባት ትንሽ ክፍል ነበረችው፤ ሲከፋው የሚገባው እዚያ ነበር። ሰው ሲያረጅና ወደ ጠባብ ቤት ሲዛወር፣ ወይም ሚስቱ ሞታ ብቻውን ሲቀር ያቺ ክፍል ትቀራለች። የጋራው ቤት የዚያች ክፍል ምትክ ነው፤ ልዩነቱ ሰው ያለበት መሆኑ ነው።

«ሜንስ ሼድ» በሚል ስም መጀመሪያ የተከፈተው በቪክቶሪያ ግዛት ቶንጋላ በምትባል የወተት ላም አርቢዎች ከተማ ነው፤ ቀኑ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1998፣ መሥራቹም ዲክ ማክጎዋን ይባላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሲድኒ ከተማ ሌን ኮቭ በሚባል ሠፈር ሩት ቫን ኸርክ የተባለች ሴት ሌላ አስከፈተች። የእነዚህን ቤቶች ታሪክ ለብዙ ዓመታት ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ ያወጡት ፕሮፌሰር ባሪ ጎልዲንግ ናቸው። እኛን ያስገረመን ነገር ግን በዘመቻ ያልተነገረ ነው፦ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች ውስጥ ለወንዶች ተብለው በሴቶች እጅ የተከፈቱ መኖራቸው። ወንዶቹ ራሳቸው «ብቸኛ ነን፣ ቤት ስጡን» ብለው የሚጠይቁ አይነት አልነበሩም። ችግሩን መጀመሪያ ያዩት ሚስቶች፣ ነርሶች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን?

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም ይመስለናል ያቆየው። ብዙዎቹ ቤቶች አዲስ አልተሠሩም። የተዘጋ መጋዘን፣ አገልግሎቱ ያበቃ የመንግሥት ቤት፣ ማንም የማይፈልገው አዳራሽ ይፈለጋል። ከባለቤቱ ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ይደረጋል፤ ኪራዩ ብዙ ጊዜ ለስሙ ያህል ነው። ከዚያ በጎ ፈቃደኞቹ ጣሪያውን ያነሣሉ፣ ግድግዳውን ይለስናሉ፣ ወለሉን ያስተካክላሉ፣ መብራት በባለሙያ ያስገባሉ። ነገሩን በጥንቃቄ ካየነው ቤቱ የሚጀምረው በሩ የሚከፈት ዕለት አይደለም፤ ጣሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ቆርቆሮ ይዘው ሦስተኛው ሚስማር ሲያቀብል ነው። እድሳቱ ራሱ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ቤት ቁልፉን ብትሰጣቸው የሚሰበሰቡበት ምክንያት ከየት ይመጣ ነበር?

መሣሪያው ከየቤቱ ይመጣል። ባሏ የሞተባት ሴት ከአልጋ ሥር የተቀመጠውን መላጊያና መሮ አምጥታ ትሰጣለች። አንድ ጥግ ላይ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል፤ ሻይ የሌለበት እንዲህ ያለ ቤት የለም ይባላል። የሚሠሩት የተሰበረ ወንበር መጠገን፣ ለመዋዕለ ሕፃናት መጫወቻ፣ ለመናፈሻ መቀመጫ፣ ለጎረቤት የአጥር በር ነው። ደመወዝ የለም፣ አለቃም እንደ መሥሪያ ቤት አለቃ አይደለም፤ ትንሽ መዋጮና የደኅንነት ደንብ ግን አለ። የማይሠራም ተቀምጦ ሻይ ቢጠጣ የሚያባርረው የለም።

የሚሉት አባባል አለ፤ ወንዶች ፊት ለፊት ተያይተው አይጫወቱም፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ነው የሚጫወቱት ይላሉ። አንድ ሰው እንጨት እያለዘበ፣ ዐይኑን ከእንጨቱ ሳያነሣ፣ «ሐኪሙ ስኳር አለብህ አለኝ» ይላል። ጎኑ ያለው ደግሞ መጋዙን ሳያቆም «እኔም አለብኝ» ይላል። ይህን ያወቁ የጤና ሠራተኞች አልፎ አልፎ እየመጡ በዚያው ግፊት ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውስትራሊያ መንግሥት ብሔራዊ የወንዶች ጤና ፖሊሲ ሲያወጣ ለእነዚህ ቤቶችም ድጋፍ መደበ። ቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የአገር አቀፍ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ዛሬ በአውስትራሊያ ብቻ ቁጥራቸው ከሺህ በላይ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሷን ማኅበር መሠረተች፤ ብሪታንያም ተከተለች። ያም ሆኖ ቅሬታ አልጠፋም። «ሴት ለምን አትገባም?» የሚል ክርክር በየቦታው ተነሥቷል፤ አንዳንዱ ቤት ለሴቶች ቀን ለየ፣ አንዳንዱ በሩን ለሁሉም ከፈተ፣ አንዳንዱ እንደነበረ ቀረ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። አንዳንድ አባሎቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ወንድ መቀመጫ አጥቶ ነው?» አሉ። «ዋርካው የማን ነው? ሸንጎው የማን ነው? ሰንበቴው፣ ዕድሩ፣ ጠላ ቤቱ፣ ካርታ ቤቱ?» ሳቁ አግባብ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ አይተነዋል።

ዋርካው ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይፈርዳል፣ ያስታርቃል። ነገር ግን ዋርካ የተከበረ ሰው ቦታ ነው፤ ያልተሳካለት፣ የደኸየ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ቃሉን የሚሰማው የለም። ሰንበቴ ቤት ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዙሪያውን መደብ ያለው ቤት፣ አባላቱ በተራ ዳቦና ጠላ እያመጡ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰቡበት። መልካም ቤት ነው። ጠላውን የምንጠምቀው፣ ዳቦውን የምንጋግረው ግን እኛ ነን፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ዕድር በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከገጠር በመጡ ሰዎች መካከል የተጀመረና በኋላ በየከተማው የተዛመተ ነው፤ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ሳህን አለው። የሚጠራን ግን ሞት ነው። ደቦና ወንፈል ደግሞ የእርሻ ናቸው፤ መሬት የሌለው ማን ለደቦ ይጠራዋል?

ጠላ ቤቱንና ካርታ ቤቱን ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ቤት ውስጥ ያለውን ብር ይወስዳሉ፣ ምንም አይመልሱም።

ለሥራ የተሰበሰቡ ወንዶች ምሳሌ ከክልላችን ከፈለግን አውራምባ አለ። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በደርግ ዘመን ከመንደሩ ተሰድዶ ቆይቶ ተመለሰ፤ ሲመለስ የእርሻ መሬቱ ጠቦ ስለነበር ሽመናን መተዳደሪያው አደረገ። በሽመና ቤታቸው ወንድም ሴትም በየሸማኔ ጉድጓዱና በየመሸመኛው ጎን ለጎን ይሠራል፤ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ጧሪ ለሌላቸው አዛውንት የሚጦሩበት ቤትም አላቸው። ከእኛ አኗኗር ብዙ ነገራቸው ይለያል፤ ሁሉን እንቅዳ የሚል ሐሳብም የለንም። የአንዱን ነገር ግን ልብ ብለነዋል፦ መሬት ሲጠብ ሰዎቹ በየቤታቸው አልተበተኑም፣ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው በራሳችን ዞን ያለው የፈረሰኞች ማኅበር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ሰባቱ ቤቶች በአባቶች ትረካ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው፤ ጫግኒም የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናትና ከሰባቱ ቤት ውጪ አይደለችም። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ጉግስ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ ስግሪያ አለ። ፈረሱ በግላስና በተንቆጠቆጠ ልጓም ያጌጣል። በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን አከበረ፤ አባላቱም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

በበዓሉ ላይ የሚነገረው ምክንያት የዓድዋ ድል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዘማቹን ተሸክሞ የሄደው፣ ስንቁን ያጓጓዘው፣ በጦርነቱም ላይ የወደቀው ፈረስ እንዳይረሳ ነው ይባላል። ሃያ ሦስተኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑ፣ ጊዮርጊስም ፈረሰኛ መሆኑ ነገሩን አጠበቀው። ይህ እውነት ነው፤ ግን አንድ ነገር እንጨምርበት። ዓመቱን ልብ በሉት። በ1932 ዓ.ም. ጎጃም ከጣሊያን ገና ነፃ አልወጣም ነበር። በዳንግላ የጠላት ጦር ሠፍሮ ነበር፤ በአገው ምድር ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን የመሰሉ አርበኞች ይዋጉ ነበር። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንፎርድ ከአርበኞቹ ጋር ለመገናኘት ከሱዳን የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በበላያ ተራራ አድርገው በእኛው አቅጣጫ ወደ ደጋው ወጡ። እንግዲህ ሰው በሚታደንበትና መሰባሰብ በሚያስጠረጥርበት ጊዜ ወንዶች «የፈረስ ማኅበር» ብለው ተሰበሰቡ ማለት ነው። በዓሉ የዓድዋ ነው፤ ጊዜው ግን የአምስቱ ዓመት ነው። እኛ የሚመስለን፣ ፈረሱ ለመሰባሰቢያ ምክንያት ሆኗቸዋል።

ማኅበሩም ከበዓል ያለፈ ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኞች ፈረሳቸውን አስጊጠው ለቅሶ ይወጣሉ፤ ሙሽራ ያጅባሉ፤ የተጣሉትን ያስታርቃሉ። አንድ ወንድ በዚህ ማኅበር ውስጥ ስም አለው፣ ተራ አለው፣ ቢቀር የሚጠይቀው አለ። ከጉልዋው የሥራ ቤት ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው። ሥራውም ከፈረሱ አይለይም፤ ኮርቻ ይሰፋል፣ ልጓም ይቀጠቀጣል፣ ዛብ ይገመዳል፣ እርካብ ይጠገናል። ሰው ስለ ኮርቻ እየተነጋገረ ስለ ልጁ መታመም ይናገራል።

ታዲያ ይህ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ፈረስ ያስፈልጋል። ፈረስ ለመግዛትና ለመቀለብ አቅም ያስፈልጋል። ፈረስ የደጋው ሀብት ነው፤ በባንጃና በአንከሻ ያለውን ያህል በቆላው የለም። ፈረሱን የሸጠው፣ ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረው፣ ዛሬ በጫግኒ በኪራይ ቤት የሚኖረው ሰው ጥር 23 ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ ተመልካች ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው በብዛት ያየነው በ2013 ዓ.ም. ነው። በመተከል ዞን በደረሰው ጥቃት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ከተማችን መጡ፤ የፎገራ ከብት ይረባበት በነበረው ራንች ላይ መጠለያ ቆመ። የጫግኒ ሰው በሩን ከፍቶ ተቀበለ፤ ከአባሎቻችንም እንግዳ ያላስጠጋች ጥቂት ናት። በዚያን ጊዜ ያስተዋልነውን እንጻፍ። ሴቶቹ በሐዘናቸው ላይ እንኳ ሥራ አላጡም። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቀማል፣ ልጅ ይጮኻል፣ የተሰጠው እህል ይሰፈራል፣ ይቦካል። በሁለተኛው ወር ቡና አፍልታ የሸጠች ነበረች። ወንዶቹ ግን በሬያቸው፣ ሞፈራቸው፣ ማሳቸው ቀርቷል። በሬ የሌለው ገበሬ ጠዋት ሲነሣ የሚሄድበት የለውም። በድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሲመለከቱ እናይ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ የታላቅ አባት ዕድሜ ያላቸው፣ ከተራረፈ እንጨት ድግር ሲጠርቡ አየን፤ የሚያርሱበት መሬት አልነበራቸውም። «ለማን ነው አባባ?» ብንላቸው «ለእጄ ነው» አሉን።

ከእነዚያ ሰዎች የተመለሱ አሉ፤ ከተማው ውስጥ የቀሩም አሉ። የከተማው ሽማግሌዎችም አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ትንሽ አይደለም። ሞፈር ለማውጣት የትኛው እንጨት እንደሚቆረጥ፣ በየትኛው ጨረቃ ቢቆረጥ ነቀዝ እንደማይበላው፣ ቀንበር ለበሬው ትከሻ እንዴት እንደሚለዝብ፣ የዋንዛ ሳንቃ እንዴት እንደሚደርቅ ያውቃሉ። ከደጋው የመጡት ቀርከሃ ሰንጥቀው ወንበርና ቅርጫት ይሠራሉ። ልጆቻቸው ከዚህ ውስጥ አንዱን አያውቁም፤ የሚጠይቃቸውም የለም። እንጨት ቤት የሚሠራው ወጣት ደግሞ መጋዙ የመብራት ነው፤ ሽማግሌ ለማስጠጋት ቦታም ጊዜም የለውም።

ቤቱን በተመለከተ፣ ጫግኒ የአውራጃ ከተማ በነበረችበት ዘመን የቆሙ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች በከተማችን ውስጥ አሁንም አሉ። ግድግዳው የተላጠ፣ ጣሪያው የዛገ፣ በሩ በሰንሰለት የታሰረ ቤት በየቀበሌው ይገኛል። እንዲህ ያለውን ቤት ማደስ ለእነዚህ ሰዎች ባዕድ ሥራ አይደለም። ጭቃ በጭድ አቡክቶ ማቆየት፣ ማገር መምታት፣ ግድግዳ መምረግ፣ ምሰሶ መለወጥ በእጃቸው ያለ ነው። ለቆርቆሮው ሚስማር፣ ለወለሉ ሲሚንቶ፣ ለመብራቱ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከደጋፊዎቻችን የምንጠይቀው ካለ ይህን ብቻ ነው። የተጠናቀቀ ሕንፃ አንጠይቅም። ምክንያቱን ከላይ ጽፈነዋል፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ተሠርቶ የተሰጠ አዳራሽ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘግቶ ሸረሪት ሲያደራበት በዚሁ ዞን አይተናል።

ከአባሎቻችን መካከል ግን የሚቃወሙ አሉ፤ ክርክራቸውን ሳናስቀምጥ ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም። አንደኛው ክርክር የገንዘብ ነው። በሴቶች ስም የመጣ ብር ለምን ለወንድ ቤት ይወጣል? ቁጠባችን ከእጃችን ጉንዳን እንደሚጎትተው እህል ፍሬ በፍሬ የተጠራቀመ ነው። በዚህ ላይ ተስማምተናል፤ ከቁጠባው አንዲት ሳንቲም አይነካም። ሁለተኛው ክርክር የሥራ ነው። ወንዶቹ ሲሰበሰቡ ቡናውን የሚያፈላ፣ ቤቱን የሚጠርግ፣ ምሳ የሚያደርስ ማን ነው? እንደ ሰንበቴው ሊሆን ነው? የጉልዋ ወንዶች ሻያቸውን ራሳቸው ማፍላታቸው ለዚህ ጥሩ መልስ ይመስለናል። በመጀመሪያው ደንብ ላይ እንዲጻፍ የጠየቅነው ይህ ነው፦ ማንቆርቆሪያውም መጥረጊያውም የወንዶቹ ነው። ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው። በቤቷ ዱላ የምትቀምስ አባል ተነሥታ «እኔን ለሚመታኝ ሰው ቤት ላድስለት?» አለች። ለዚህ ቶሎ መልስ አላገኘንም። ዝም ያልንበት ጊዜ ረዘመ። ከዚያ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናታችን «ቤት እናድስለት አልተባለም፤ የሚመታ ሰው ከሌሎች ወንዶች ፊት ይቁም ነው የተባለው» አሉ። ግማሾቻችን በዚህ ረካን፤ ግማሾቻችን አልረካንም። የአባሏ ጉዳይ በማኅበሩ በኩል በሕግ ተይዟል፤ ከዚህ ቤት ጋር አይያያዝም፣ እንዲያያዝም አንፈቅድም።

እንዲህ ያለ ነገር ከውጭ መጥቶ አይሠራም የሚሉም አሉ። እኛም ከውጭ ነው የመጣነው። የራስ አገዝ ቡድን አሠራር በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 በናዝሬት (አዳማ) በአምስት የሴቶች ቡድኖች ነው፤ ልምዱም የተገኘው ከሕንድ ነበር። ከ20 ሴት ያልበለጠ ቡድን፣ በየሳምንቱ ስብሰባ፣ ትንሽ ቁጠባ፣ በተራ የሚመራ ሰብሳቢ። ዕቁብና ዕድር ለምዶ ለነበረ ሰው ቶሎ ገባው። የወንዶቹም ነገር ከፈረሰኞች ማኅበርና ከደቦ ጋር ከተያያዘ የሚገባቸው ይመስለናል፤ «ሜንስ ሼድ» የሚለውን ስም እንኳ ማንሣት አያስፈልግም። ምን ብለው እንደሚጠሩት እነሱ ያውቃሉ። በአማርኛም ይሁን በአውንጊ ይሰይሙት።

ባለፈው ወር እያንዳንዷ አባል በቤቷ ያለውን የማይሠራበት መሣሪያ እንድታስመዘግብ ተባብለን ነበር። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ ስድስት መዶሻ፣ አራት የእጅ መጋዝ፣ ሁለት መላጊያ፣ ዘጠኝ ምሳር፣ ሦስት መሮ፣ አንድ የተቀደደ ወናፍ፣ አንድ የሟች አባት ኮርቻ። ኮርቻውን ያስመዘገበችው እህታችን ለመስጠት ሳይሆን ለማስጠገን መሆኑን ጽፋልን እንድንል አደራ ብላናለች። ቤቱን የሚመርጡና ከቀበሌው ጋር የሚነጋገሩ አምስት ወንዶች ተጠርተዋል፤ ሦስቱ ፈቅደዋል፣ አንዱ እናያለን ብለዋል፣ አንዱ አልመለሱም። በሚመጣው ወር ስብሰባ የሚቀርበው ጥያቄ የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይደር የሚለው ነው፤ አባላት አስባችሁበት ኑ።